ሐሳዊው ጌጅ

ከፍጥረታት ሁሉ ሐሰትን አዘውትሮ የሚናገር ሰው መሆኑን መጻሕፍት አስቀድመው ስለ መሰከሩ በዚህ ነገር ሙግት መግጠም አይቻልም፤ ዳሩ ግን ሰው ራሱ ካበጃቸው ዕቃዎችና ልማዶች መካከል ማን በሐሰተኛነት ይበልጣል ተብሎ ጉባኤ ቢዘረጋ፣ የሥጋ ቤት ሚዛንና የመናኸሪያ ሰዓት፣ የጨርቅ ነጋዴ ክንድና የልብስ ሰፊ ቀጠሮ ተራቸውን ጠብቀው ማስረጃቸውን ካቀረቡ በኋላ፣ አክሊሉን ተቀዳጅቶ የሚወጣው፣ በእኔ ፍርድ፣ በአሮጌ ፒካፕ ዳሽቦርድ ላይ ከመሪው ጀርባ ተሸሽጎ የሚኖረው የነዳጅ ጌጅ ነው። ሚዛኑ ቢያታልል ከኪሎው ጥቂት ይጎድላል፤ ልብስ ሰፊው ቢያታልል በዓሉ በአሮጌ ልብስ ያልፋል፤ ጌጁ ያታለለ እንደ ሆነ ግን ሰው ከነጓዙ፣ ከነፍየሉና ከነእንቁላሉ፣ በደብረ ታቦርና በእብናት መካከል መንደር በራቀበትና ዝናም በቀረበበት ስፍራ ተዘርግፎ ይቀራል።

እብናት ላይ እንዲህ ያለ ጌጅ የተሸከመች አንዲት መኪና አለች። ቶዮታ ሂሉክስ ናት፤ ጋቢናዋ ነጠላ፣ ሞተሯ የናፍጣ፣ ቀለሟም በሊብሬዋ ላይ ነጭ ተብሎ የተመዘገበ፣ በዐይን ሲመለከቱት ግን የእብናትን ጭቃና የአዲስ ዘመንን አቧራ በየመጠኑ ያዋሐደ ነው። ዕድሜዋን የጠየቀ ሰው መልሱን የሚያገኘው በዓመተ ምሕረት ሳይሆን በትውልድ ነው፤ ባለቤቷ ‹‹እሷ ያጀበቻት ሙሽራ ዛሬ ልጇን ድራለች›› ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሽጦ ሌላ ይግዛ የሚል ካለ የአገሩን ነገር ያልመረመረ ሰው ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ አገልግለው ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ፣ አሮጌ መኪና በአገራችን ሞገስ አግኝታለች፤ ዋጋዋም ዓመት በተጨመረ ቁጥር ወደ ታች መውረዱን ትቶ ሽቅብ ይመለከታል። ስለዚህም ባለቤቷ፣ እርሱም ሾፌሯ፣ እኛም መንገደኞቹ ‹‹ጋሼ›› የምንለው፣ ከነነውሯ ይወዳታል።

ነውሯ ጌጁ ነበር። መኪናይቱ በአስፋልት ላይ ስትሄድ የጌጁ ጠቋሚ እንደ ጨዋ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ ኮረኮንቹ ሲጀምር ግን ግራና ቀኝ ማሸብሸብ ይጀምራል፤ አስቀድሞ በዝማሜ ልስልስ ይልና፣ ጉድጓዱ ሲበዛ በመረግድ ይደምቃል፣ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ጽፋቱን ያወርደዋል። ጋቢና ውስጥ አዘውትረው የሚሳፈሩት መሪጌታ በደብረ ታቦር ኢየሱስ የተክሌን አቋቋም ያስመሰከሩ ሊቅ በመሆናቸው ይህንን ጠቋሚ በጥሞና ከተመለከቱ በኋላ፣ መቋሚያን ግራና ቀኝ ማዘንበልን የጀመሩት የፎገራው ሰው አለቃ ገብረ ሐና ዛሬ በሕይወት ቢኖሩ ይህን ጌጅ ሳያስመርቁ እንደማያልፉት ተናግረዋል። አለቃ እንደሚተረክላቸው ቀልደኛ ሰው ከነበሩ፣ ያስመርቁት የነበረው በምን ቅጽል እንደ ሆነ እኔ መገመት አልደፍርም።

ጋሼ ግን በዚህ የሚደናገር ሰው አልነበረም፤ ከጌጁ ጋር በኖረባቸው ዘመናት ጠባዩን አጥንቶ፣ ከውሸቱ ውስጥ እውነቱን ነቅሶ የሚያወጣበትን ጥበብ በልቡ ደርሶ ነበር። ጌጁ ሁልጊዜ የሚዋሸው ወደ ማሳነስ ነው። ግማሽ ላይ ሲቆም ታንኩ ወደ ሙሉው የተጠጋ ነው፤ ሩብ ላይ ሲቆም ግማሽ ያህል አለ፤ ጨርሶ ‹‹ኢ›› በምትባለው የፈረንጅ ፊደል ላይ ሲያርፍ ደግሞ ገና ሩብ ታንክ ስላለ ያለ ሐሳብ እብናት ይገባል። በዚህ ላይ የዐቀበቱና የቁልቁለቱ ሐተታ ይጨመራል፤ ታንኩ ሰፊና ዝርግ ስለ ሆነ ናፍጣው በዐቀበት ወደ ኋላ፣ በቁልቁለት ወደ ፊት ይሸሻልና፣ ንባቡ የሚታመነው ሜዳ ላይ፣ ያውም መኪናይቱ ቆማ ነው። ይህን ሁሉ ለመሪጌታ ባስረዳቸው ጊዜ አድምጠው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ‹‹ልጄ፣ ይህማ ባሕረ ሐሳብ ነው፤ አበቅቴና መጥቅዕ ናቸው። አበቅቴው ሲያንስ መጥቅዑ ይበዛል፣ መጥቅዑ ሲያንስ አበቅቴው ይበዛል፤ ድምራቸው ግን ዘወትር 30 ነው። የጌጅህ ጉድለትና ያንተ ጭማሪ ተደምረው ልክ ከመጡ ሒሳብህ ሙሉ ነው፤ አትንካው›› አሉት። በኋላ ከሆነው ነገር ስንነሣ ከዚህ የበለጠ ምክር በዚያ ጋቢና ውስጥ የተሰጠ አይመስለኝም።

ጌጅ የሚባለው ነገር ሳይፈጠር ሰው ጨርሶ አይጓዝም ነበር እንዴ ብሎ መጠየቅም ደግ ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ የፈረንጅ ሠራተኞች አቅልጠው የሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን ሆኖ ሳለ፣ በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ገደማ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ገደሉና ሸለቆው እየተማሰለትና እየተደለደለለት፣ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ እያነሡ፣ መጋቢት ላይ መቅደላ ደርሷል። የዚያ ጭነት ነዳጅ የሰው ክንድ ነበረ፤ ጌጁም የጎታቹ ፊት ነበረ፤ ያንን ጌጅ የሚያነብ አለቃ ነዳጁ ስንት እንደ ቀረ ሊሳሳት አይችልም፣ ቢያይም የሚቀዳበት ማደያ አልነበረውም እንጂ። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባለው እንግሊዛዊ የመጀመሪያይቱን አውቶሞቢል ለአፄ ምኒልክ ይዞ አዲስ አበባ ሲገባም የዘመኑ መኪኖች አብዛኞቹ ጌጅን አያውቁትም ነበር። በዚያው ዘመን መሠራት የጀመረው የፎርድ ሞዴል ቲ እንኳ ታንኩ ከሾፌሩ መቀመጫ ሥር ስለ ነበረ፣ ሾፌሩ መቀመጫውን አንሥቶ እንጨት በመንከር ይለካው ነበር፤ ቤንዚኑም በገዛ ክብደቱ ቁልቁል ወደ ሞተሩ የሚፈስ ስለ ሆነ፣ ያነሰ እንደ ሆነ ዐቀበቱን ፊትን አዙሮ በኋላ ማርሽ መውጣት ግድ ይሆን ነበር። በእኛ አገር ስንቱን መምህርና ስንቱን ጸሐፊ ያገለገለችው ቮልስዋገንም እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ድረስ ጌጅ ሳይሰጣት ኖራለች፤ ሞተሯ መንተፋተፍ ሲጀምር ሾፌሩ እግሩ ሥር ያለችውን መክፈቻ ያዞርና በመጠባበቂያው ነዳጅ ማደያ ይፈልጋል። ሐዋርያው ስለ ሕግና ስለ ኀጢአት የጻፈውን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ጌጅ ባልነበረበት ዘመን የጌጅ ውሸት አይቈጠርም ነበር።

ነገሩ ወደ ጋራዥ የቀረበው ጋሼ ወድዶ ሳይሆን ወንድሙ መኪናይቱን አንድ ቀን ተውሶ፣ ጌጁ ባዶ ነው ስላለው በድንጋጤ ከመንገድ ዳር በውሃ ላስቲክ ከሚሸጡ ልጆች ናፍጣውን በእጥፍ ዋጋ ገዝቶ፣ ታንኩ ሞልቶ ሲፈስበት ስለ ተጣሉ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ባለ አንድ ጋራዥ የመካኒክና የተመልካች ጉባኤ ተሰበሰበና ትርጓሜው በአንድምታ ሥርዓት ወጣ። አንድም፣ አለ የመጀመሪያው መካኒክ፣ ታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ተበስቶ ናፍጣ ስለ ጠጣ ሰጥሟል፤ አንድም፣ አለ ሁለተኛው፣ ተንሳፋፊውን የያዘው ቀጭን ብረት ታጥፎ ወደ ላይ መውጣት ተስኖታል፤ አንድም ጌጁ ራሱ አርጅቷል፤ አንድም፣ አለ ሻይ ይዞ የመጣው ልጅ፣ ሌሊት ሌሊት ናፍጣውን በጎማ የሚስብ ሌባ አለ፤ አንድም፣ አሉ አንዲት እናት ከበሩ ላይ ሆነው፣ የሰው ዐይን ነው። ከትርጓሜዎቹ ሁሉ የመጨረሻው ብቻ ወጪ የለውም ነበርና እርሱን አስቀድሞ መመርመር ይገባ ነበር፤ ዳሩ ግን በጋራዥ ሕግ የሚጀመረው ሁልጊዜ በጣም ብዙ ብሎን ከሚፈታው ነው።

ስለዚህ ታንኩ ወረደ። ናፍጣው በጀሪካን ተገለበጠ፣ ታንኩ ታጠበ፣ ከውስጡም ጥቂት ደለልና የማን እንደ ሆነች ያልታወቀች አንዲት ቁልፍ ተገኙ። በመካከሉ ከተመልካቾቹ አንዱ ውስጡ ጨለማ ስለ ሆነበት ክብሪት ሊጭር ሲል፣ የጋራዡ አለቃ ከሩቅ ሆኖ በጮኸው ጩኸት የእድሜ ልክ ትምህርት ተሰጥቶታል፤ ናፍጣ እንደ ቤንዚን ፈጥኖ ባይቀጣጠልም ባዶ ታንክ ውስጥ የሚቀረው ትነት ግን ለክብሪት የሚታመን ጎረቤት አይደለም። ተንሳፋፊው ሲወጣ ቀዳዳ የለውም፤ ብረቱም ቀጥ ያለ ነው። ይሁን እንጂ እጅ ባዶ መመለስ ነውር ስለ ሆነ፣ አዲስ አበባ ለሚገኝ ዘመድ ተደውሎ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ግን ‹‹ኦሪጅናል›› የተባለ ምትክ ተገዝቶ በአውቶቡስ መጣ፣ ተገጠመ፣ ታንኩም ወደ ስፍራው ተመለሰ። መኪናይቱ ተነሥታ ኮረኮንቹን በረገጠች ጊዜ ጠቋሚው ዝማሜውን ካቆመበት ቀጠለ።

ነገሩን የፈታው ቁመቱ ከጎማ ብዙ የማይበልጥ፣ ጺሙ ገና ያልበቀለ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እርሱ ከሌሎቹ የሚለየው ምንም ሳይፈታ መጠየቅ መጀመሩ ነበር፤ ከዕቃዎቹም ሁሉ የያዘው ቴስተርና ካቻቢቴ ብቻ ነው። አስቀድሞ የነገሩን ሥርዓት ለጋሼ ገለጠለት፦ ታንኩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ከናፍጣው ጋር ሲወጣና ሲወርድ፣ ጫፉ ያለችው ትንሽ ብረት ኤሌክትሪክን በሚያግድ ሽቦ ላይ ትንሸራተታለች፤ በእነዚህ በአሮጌዎቹ ቶዮታዎች ታንኩ ሲሞላ እግዱ 3 ኦም ገደማ፣ ባዶ ሲሆን 110 ኦም ገደማ ይሆናል፤ እግዱ ባነሰ መጠን ጠቋሚው ይወጣል፣ በበዛ መጠን ይወርዳል። ስለዚህ ጌጁ ናፍጣን በዐይኑ አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው ከኋላ የመጣለትን ወሬ ነው። ወሬኛውን ትተን ሰሚውን ልንገርፍ አይገባንም ማለት ነው።

ከዚያ ቁልፉን አስከፈተና ከታንኩ ወደ ጌጁ የሚሄደውን ሽቦ ነቀለው፤ ጠቋሚው ወረደና ‹‹ኢ›› ላይ ተኛ። ያንኑ ሽቦ ከመኪናይቱ ብረት ጋር አነካካው፤ ጠቋሚው ሽቅብ ሄዶ ‹‹ኤፍ›› ላይ ቆመ። ልጁም ሽቦውን ሳያቆይ አነሣና፣ ‹‹ጌጁም ነጻ ነው፤ እስከዚህ ያለው ሽቦም ነጻ ነው›› ብሎ ፈረደ። ከሶማሌ ተራ የመጣው ዕቃ ሲለካም እንከን አልተገኘበትም፤ ይህን ሲሰማ ጋሼ አሮጌው ዕቃ ወዴት እንደ ተጣለ በዐይኑ መፈለግ ጀመረ። የቀረው ኤሌክትሪኩ ከታንኩ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነበር። ልጁ ከመኪናይቱ ሥር ገባ፤ ከሻሲው ጋር አንዲት አጭር ሽቦ የታሰረችበት፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ አንዲት ብሎን፣ በክረምቱ ጭቃና በዓመታቱ ዝገት ተሸፍና ብሎን መሆኗን ረስታ አገኛት። ዝገቱ የራሱን እግድ ከተንሳፋፊው እግድ ላይ እየጨመረ ጌጁን ያሳንሰው ነበር፤ መኪናይቱ በተናወጠች ቁጥርም ሽቦዋ ትነካና ትለቅ ስለ ነበር ጠቋሚው ያሸበሽብ ነበር። ልጁ ብሎኗን ፈታ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስክታበራ ፈገፈጋት፣ አጥብቆ መልሶ አሰራት፣ ውሃ እንዳይደርስባትም ግራሶ ቀባት። ሥራው ሁሉ ከአቦል እስከ ቶና ያለውን ጊዜ አልፈጀም፤ የጠየቀውም ዋጋ ታንኩን ለማውረድ ከተከፈለው አጠገብ ሲቀመጥ የሚያሳፍር ያህል ትንሽ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጌጁ እውነት መናገር ጀመረ። ኮረኮንች ላይ አይናወጥም፤ ሲሞላ ሙሉ፣ ሲጋመስ ግማሽ ይላል። ደስታ ይሆናል ብለን የጠበቅነው ሁሉ ግን ሳይሆን ቀረ፤ ጋሼ በአፉ ‹‹ተመስገን›› ቢልም በልቡ እንግዳ ሰው ጋቢናው ውስጥ እንደ ገባበት ሆኖ ታየን። ጣቱን ልኮ መስተዋቱን ይቈረቍራል፤ ጠቋሚው አይንቀሳቀስም፤ ይህም ያስከፋዋል። ዘመኑን ሙሉ ያካበተው የማረምና የመተርጐም ጥበብ በአንዲት ብሎን መፈግፈግ ከንቱ ሆኖ ሊቀር ነው፤ እንዲህ ያለውን ኪሳራ በጸጋ የሚቀበል ሊቅ ደግሞ በየትኛውም ጉባኤ ቤት ብርቅ ነው።

ከደብረ ታቦር ወደ እብናት ስንመለስ ነው የሆነው። ኋላ የተጫኑት ሰዎችና ፍየሎች ተስማምተው ተቀምጠዋል፤ መሪጌታ ከበሩ በኩል፣ እኔ ከመካከል ነን። መንገዱ ሳይጋመስ ጠቋሚው ‹‹ኢ›› ላይ ዐረፈ።

‹‹ልጄ፣ ጌጅህ ዐርፏል›› አሉ መሪጌታ።

‹‹ይረፍ የኔታ፤ እዚህች ላይ ሲሆን ሩብ ታንክ አለ ማለት ነው። እኔ አውቀዋለሁ።››

ረዳቱ ከኋላ በመስኮቱ በኩል አንገቱን አስግጎ፣ ‹‹ጋሼ፣ ተሠርቷልኮ!›› አለ።

‹‹አንተ ፍየሎቹን ያዝ!››

ረዳቱ ፍየሎቹን ያዘ። ጥቂት እንደ ሄድን ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳል አለ፣ ሁለተኛም ጉሮሮውን ጠረገና ዝም አለ። ጋሼ ቁልፉን ቢያዞር፣ ቢመልስ፣ ጌጁን ቢቈረቍር መልስ አጣ። መሪጌታም ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ‹‹አበቅቴው አልቦ ሆነ፤ አንተ ግን መጥቅዑን እንደ ወትሮው ደመርህ›› ብለው ከጋቢናው ወረዱና ጥላቸውን ዘረጉ።

በዚህ አገር ናፍጣ ከማደያ ሌላ የሚገኝበት አንድ ታማኝ ስፍራ አለ፤ እርሱም ወፍጮ ቤት ነው። ረዳቱ ጀሪካን አንሥቶ በአቋራጭ ወደ አንድ መንደር ወረደ፤ ከብዙ ቆይታ በኋላ ጀሪካኑን፣ ባለ ወፍጮውንና እህላቸው ግማሹ ተፈጭቶ ግማሹ የቀረባቸውን ሦስት ሴቶች አስከትሎ መጣ። ባለ ወፍጮው የመጣው ናፍጣው በእርግጥ ለመኪና እንጂ ለነጋዴ እንዳልሆነ በዐይኑ ሊያረጋግጥ ነው፤ ሴቶቹ የመጡት ወፍጮአቸውን ያስቆመውን ሰው ፊቱን ሊያዩት ነው፤ አይተውም ዝም አላሉትም። ከሦስቱ በዕድሜ የምትበልጠው መኪናይቱን ከፊት እስከ ኋላ ከመረመረች በኋላ፣ ‹‹ይችን ያህል ዕቃ ይዞ ለአንድ ጀሪካን መለመን!›› አለች፤ ጋሼም በመንገድ ዳር ከተሰደበው ስድብ ሁሉ ይህ ጠልቆ የገባው ይመስለኛል።

ናፍጣ የጨረሰ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ስለ ተቀዳለት ብቻ አይነሣም፤ ታንኩ ሲደርቅ ወደ ቧንቧው አየር ይገባና መንገዱን ይዘጋል። ኮፈኑ ተከፈተ፤ ረዳቱ ከማጣሪያው ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ጣቱ እስኪደነዝዝ ሲጫን፣ ጋሼ ብሎኑን ጥቂት ላላ አድርጎ አረፋ የቀላቀለው ናፍጣ እየተንፎለፎለ ወጥቶ ጥሩው እስኪከተል ጠበቀና መልሶ አጠበቀው። ሞተሩ ብዙ ካንገራገረ በኋላ ተነሣ፤ ሴቶቹም ከስድባቸው ወደ እልልታ ተሻገሩ፤ በእኛ አገር ሁለቱ ያን ያህል አይራራቁም። ጋሼ ወደ ጋቢናው ሲመለስ አስቀድሞ ያየው ጌጁን ነው። ጠቋሚው ከ‹‹ኢ›› ጥቂት ብቻ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ከአንድ ጀሪካን በላይ ስላልነበረ ሐሰት ሊባል አይችልም።

በማግስቱ መኪናይቱ ደብረ ታቦር፣ ከልጁ ደጃፍ ቆመች።

‹‹ምን ሆነ ጋሼ? ተመልሶ መዋሸት ጀመረ?››

‹‹ቢዋሽማ ምን ከፋኝ! ወደ ነበረበት መልስልኝ።››

ልጁ የሚቀለድበት መስሎት መጀመሪያ ሳቀ፤ በኋላ የጋሼን ፊት ባየ ጊዜ ነገሩ የምር መሆኑን ተረድቶ እንደ ባለሙያ አሰበበት። ‹‹ሽቦው መካከል እግድ ገዝቼ ብጨምርበት ያሳንሳል። ግን እንደ ድሮው ልክ እንዲያሳንስ መለካት፣ መሞከር፣ ታንኩንም እየሞሉ እያጎደሉ ማስተካከል አለበት። ያስተካከልሁበትን አምስት እጥፍ ይሆናል።››

‹‹ለውሸት አምስት እጥፍ? ድሮ በነጻ ይዋሽልኝ አልነበረም እንዴ! ተወው፤ ክረምቱ ሲገባ ራሱ ይዝግልኛል።››

‹‹ግራሶ ቀብቼዋለሁ ጋሼ፤ በዚህ ክረምትስ አይዝግም።››

ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ከወንበሩ ሥር አሮጌ ጨርቅ ስቦ አወጣና ለረዳቱ እየሰጠው፣ ‹‹ግባና ያንን ግራሶ ጥረገው፤ ከእንግዲህም ከሥር በኩል እንዳታጥባት›› ብሎ አዘዘው።